በጓሮ በር የሚመለሰው ስጦታ

ሰናይት ደውላ «አባዬ አረፈ» ስትለኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «እግዜር ያጥናሽ» አልነበረም። «በየትኛው ሰሞኑ?» ነው ያልኳት። ሌላ ሰው ቢሰማኝ ለቅሶ መድረስ የማታውቅ አሮጊት ይለኝ ነበር። ሰናይት ግን አባቷን የምታውቅ ልጅ ናትና አልተቀየመችኝም። «በየትኛውም አይደለም ሲስተር፤ እንዲሁ በደህና ቀን ነው» አለችኝ።

ደህና ቀን። ጋሽ አስራት ከምንም በላይ ሲመኘው የኖረው እሱን ነበር። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን አለቀስኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ። ፊት ለፊት «እርስዎ» እያልኩት ነው የኖርኩት። አሁን ግን በሌለበት «እሱ» ብዬ ላውራው። ሰው ሲሞት ይቀርባል መሰለኝ።

እኔ ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ናዝሬት የምኖር ነርስ ነኝ። ትምህርቴን እንደጨረስኩ፣ በንጉሡ ዘመን፣ የተመደብኩት ባሌ ጠቅላይ ግዛት፣ ሮቤ ላይ ነበር። የድሬዳዋ ልጅ ነኝና ብርድ የሚባለውን በወሬ ነበር የማውቀው። ሮቤ በገባሁ በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ ጥርሴ ሲንገጫገጭ፣ ዳማ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ግዙፍ ሰው መጣ። ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰላምታ ይበትናል። «አካም ቡልተኒ! እንዴት አደራችሁ! ነጋያ?» ይላል፤ መልስ አይጠብቅም። እኔ ጋ ሲደርስ ፈረሱን ገታ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየኝና ወረደ። የለበሰውን ወፍራም የሱፍ ካፖርት አወለቀና ትከሻዬ ላይ ጣለው።

«መርፌ የሚወጋ እጅ እንዲህ እየተንቀጠቀጠ ሕዝባችንን ሊፈጅ ነው!» አለ። «ያንቺ ነው። አደራ፣ ለማንም እንዳትሰጪው።»

ከዚያ በሸሚዝ ብቻ ፈረሱ ላይ ወጥቶ እየዘፈነ ሄደ። እኔ ሞኟ፣ አገሩ ደግ አገር ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ በካፖርቴ ስኩራራ ዋልኩ። የሚገርመው፣ በሽተኞቹ እኔን ትተው ካፖርቱን ያያሉ። ከሰዓት በኋላ የእግራቸውን ቁስል ሊያስጠርጉ የመጡት የእህል ነጋዴው ሐጂ አደም ናቸው ነገሩን የገለጡልኝ።

«ልጄ፣ ካፖርቱን መቼ ትመልሺዋለሽ?» አሉኝ።

«እንዴ ሐጂ፣ ሰጠኝ እኮ!»

«አዎ፣ ሰጠሽ። ለኔም ሰጥቶኛል። ለሁላችንም ሰጥቶናል» አሉና ፈገግ አሉ። «ወፍጮ ቤቱን ታውቂዋለሽ? በጓሮው በኩል ትንሽ በር አለች። ሚስቱ አየለች ትቀበልሻለች። ምንም አትበያት፤ እሷም ምንም አትልሽም።»

እንደዚያ ነበር። ጋሽ አስራት የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው፤ አያቶቹ ከመንዝ መጥተው ባሌ የሠፈሩ፣ እሱ ግን ኦሮምኛን ከአማርኛ አስቀድሞ አፉን የፈታበት የሮቤ ሰው። አንድ ሰሞን ይመጣበታል። በዚያ ሰሞን እንቅልፍ የለም፣ ድካም የለም፤ ያለውን ሁሉ ይሰጣል። ኮርቻውን፣ ራዲዮኑን፣ በግ፣ ዱቄት፣ የሚስቱን ሻሽ ሳይቀር። የሮቤ ሰው ደግሞ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ማንም ሳይሰበስበው አንድ ሕግ አወጣ። ጋሽ አስራት በሰሞኑ የሰጠውን እምቢ አይሉትም፤ ልቡ ይሰበራል። ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ፣ ይመርቁታል፣ ጥግ እስኪታጠፍ ይጠብቁና በጓሮ በር ለእትዬ አየለች ይመልሳሉ። አንድ ጊዜ የራሱን ቤት የፊት በር ነቅሎ ለአዲስ ሙሽሮች ሰጥቷል አሉ። ሙሽሮቹ በሩን ተሸክመው በጓሮ በር መለሱት።

ካፖርቱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሄድኩ። እትዬ አየለች ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ተቀበለችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና በሩን ዘጋች። መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ በብርድ እየተኮራመትኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ የሚያገኝ፣ ሁለት ጊዜ የሚያዘራ አገር ነው። ጋሽ አስራት ስለራሱ ሲጠየቅ በዚያ ነበር የሚመልሰው። «መሬታችን በዓመት ሁለቴ ያመርታል፤ እኔም ሁለት ሰው አብቅያለሁ፤ ምኑ ይገርማል?» ይል ነበር። አንደኛውን ሰሞን በጋዬ፣ ሌላውን ክረምቴ ብሎ ሰየማቸው። የሰማዩን በጋና ክረምት ግን ጠብቀው አይመጡም። ድፍን ሮቤ በፀሐይ ሲያጭድ እሱ ክረምቱ ውስጥ ተቀብሮ ያገኙታል።

በጋው ላይ እያለ የማይጀምረው ነገር የለም። ሃረና ጫካ ወርዶ የቡና ችግኝ በበቅሎ አስጭኖ መጣና ሮቤ ላይ፣ ገብስ እንኳ በውርጭ በሚጠወልግበት ሜዳ፣ ተከለው። «ቡና ብርድ አይወድም» ሲሉት፣ «አልለመደ ይሆናል እንጂ ማን ጠየቀው?» አለ። በሦስተኛው ቀን ችግኙ ሁሉ ጠቁሮ አደረ። እሱ እቴ፣ ወዲያው ስለ ድልድይ ማውራት ጀመረ። በዚያ ሰሞን ገዢውንም፣ ቄሱንም፣ ሼኩንም «አንተ» ነው የሚላቸው። የሚቀየመው የለም።

ክረምቱ ሲመጣ ግን ያ ሰው የለም። ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ቢበረታ ደግሞ የቤቱ ደፍ ላይ ይቀመጣል። እህል አይበላም። እትዬ አየለች ወፍጮውን ብቻዋን ታስፈጫለች። ያን ጊዜ ለሁሉም «እርስዎ» ነው የሚለው። አንድ ቀን የገዛ ልጁን፣ ያን ጊዜ የአንደኛ ክፍል ተማሪ የነበረችውን ሰናይትን፣ ውሃ ስታመጣለት «ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት» ሲላት ሰምቻለሁ። ልጅቱ ከት ብላ ሳቀች።

በሁለቱ መካከል አልፎ አልፎ ደህና ቀን አለ። ሰው የሆነበት፣ እንደኛው የሚያዛጋበት፣ ስለ ናፍጣ ዋጋ የሚያማርርበት ቀን። በአንዱ ደህና ቀን ገብስ ላስፈጭ ሄጄ ካፖርቱ ከወፍጮው ጎን ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አየሁት። እሱም ሳየው አየኝ።

«ሞቆሽ ነበር?» አለኝ።

«አዎ፣ ሞቆኝ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ እኮ ሲስተር። ሁሉንም አውቃለሁ። በጋዬ ሲያልፍ ዕቃዬ አንድ በአንድ ከጎተራ ይወጣል። የሰጠሁት በግ ጓሮዬ ውስጥ ይጮሃል። ሰዉ ደግ ነው፤ ባይሆን ኖሮ ልጆቼ ዛሬ ይለምኑ ነበር። ግን ልንገርሽ፤» አለና ዱቄቱን ከእጁ ላይ አራገፈ፣ «እኔ በዕድሜዬ ለሰው አንድ ነገር ሰጥቼ የማላውቅ ሰው ነኝ።»

ወፍጮው እየጮኸ ነው። የማልሰማ መስዬ ዱቄቴን መስፈር ጀመርኩ። እሱ ግን አልጨረሰም። ደጅ ላይ ከጓደኞቿ ጋር እየዘለለች ወደምትስቀው ሰናይት በአገጩ አመለከተኝ። «ሌላው አባት ልጁ ስትስቅ ደስ ይለዋል። እኔ ሳቋን እለካለሁ፤ በዛ እንዴ እላለሁ። አባቴም እንዲህ ነበርና። ይሄ ነገር ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ አንድ ሰው በዓለም ላይ ይኖር ይሆን?» አለኝ።

የሚያውቅ የለም። ለማወቅ የሚደክሙ ግን ነበሩ፤ ከነሱም አንዱ ዶክተር ሳሙኤል ነው። የአእምሮ ሐኪም ነው፤ ከአዲስ አበባ አልፎ አልፎ በአውሮፕላን ጎባ ይመጣና ወደኛም ብቅ ይላል። ወጣት ነው፣ መነጽሩ ሁልጊዜ ጭጋግ የለበሰ። ጋሽ አስራትን በሁለቱም ሰሞን አይቶታል። በሲናና፣ በጎባ፣ እስከ ሶፍ ዑመር ድረስ እንደሱ ያሉ ሰዎች ያሉባቸው ቤቶች እንዳሉ ሰምቶ፣ አንድ ሐሳብ ይዞ የሠፈራችን እድር ፊት ቀረበ። እድርተኛው እስላምም ክርስቲያንም የተቀላቀለበት ነው። እኔም ዕጣን ለማጨስ ሳይሆን ለምስክርነት ተጠርቼ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ።

«አንድ በሽታ አለ» አለ ዶክተር ሳሙኤል። «ሰውን አንድ ሰሞን ሰማይ ያወጣዋል፣ አንድ ሰሞን ጉድጓድ ይከተዋል። ስም አውጥተንለታል፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አናውቅም። ከዘር ይሁን፣ ከደም ይሁን፣ ከኑሮ ይሁን አልታወቀም። አንድ ሐኪም ብቻውን ዕድሜውን ቢፈጅ አይደርስበትም። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለን፣ ባሕር ማዶም በሁለት አገር ያሉ ጓደኞቻችን፣ ያየነውን አንድ ላይ እናድርገው ተባብለናል። እናንተ ጂጊ የምትሉት ነው። ሁሉም በሬውን ይዞ ይመጣል፤ ማሳው ግን አንድ ነው።»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ጂጊን የማያውቅ የለም።

«ሌሎቹ የየድርሻቸውን ወጪ የሚችልላቸው አግኝተዋል» አለ ቀጥሎ። «የባሌን ድርሻ ግን የጠየቅኩት ሁሉ ‹ለእብድ ጥናት?› እያለ ሳቀብኝ። በየገጠሩ ለሚዞር መኪና ነዳጅ፣ ለአስተርጓሚ፣ ከየቤተሰቡ የምንቀዳው ደም ሳይበላሽ አዲስ አበባ ለሚደርስበት የበረዶ ዕቃ ነው የምጠይቃችሁ።»

የእድሩ ዳኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር አይቸኩሉም። «ዶክተር፣» አሉት፣ «እድር ለሞተ ሰው ነው። ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን። የበሽታን ምክንያት መፈለግ ከእድር ደንብ ውስጥ የለም።»

ይህን ጊዜ ጋሽ አስራት ተነሣ። በጋው ላይ ነበር፤ ዓይኑ ያበራል። «ወፍጮዬን!» አለ። «ወፍጮዬን ሰጥቻለሁ! ሞተሩንም፣ ድንጋዩንም፣ ቤቱንም! ዶክተር፣ ነገ ና ተረከብ!»

እትዬ አየለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እድርተኛው ግን አልደነገጠም። አንድ ላይ ፈገግ አለ። «እግዜር ይስጥልን ጋሽ አስራት»፣ «አላህ ይጨምርልህ» አሉት፣ እንደተለመደው፣ ከልባቸው። ያን ፈገግታ ጋሽ አስራት ያውቀዋል። በሩን ሲሰጥ፣ ኮርቻውን ሲሰጥ ያየው ፈገግታ ነው። እያንዳንዱን ፊት ዞሮ አየ። ከዚያ ያ ግዙፍ ሰው እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። በበጋው መካከል ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ደጎች ናችሁ» አለ። «ደግነታችሁ ገደለኝ።»

ውጭ ስንወጣ ዶክተር ሳሙኤል ክንዱን ይዞ ለብቻው አናገረው። «ጋሽ አስራት፣ ሐኪምዎ ነኝ። እንዲህ ሆነው ሳሉ የሰጡኝን ብወስድ ዘረፋ ነው። ሲሻልዎት ይምጡ» አለው።

«ሲሻለኝ እኮ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው!» ብሎ ጮኸ ጋሽ አስራት። «እሱ ደግሞ ስስታም ነው፣ አያምንህም!»

ብዙም ሳይቆይ ክረምቱ ወረደበት። የዚያን ዓመቱ የከፋ ነበር። ፈረሱ ዳማ ጋጣ ውስጥ እያዛጋ ይውላል እንጂ የሚቀመጥበት የለም። ስለ ዳማ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሰው በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር፣ ሮቤ ጋሽ አስራትን «አባ ዳማ» ነበር የሚለው። ያን ሁሉ ንብረቱን በየበጋው ሲበትን ዳማን ግን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። በክረምቱ ውስጥ ከሰው ጋር አልነጋገር ሲል እንኳ፣ ጋጣ ገብቶ ግንባሩን ከፈረሱ አንገት ላይ አስደግፎ ይቆማል። እትዬ አየለች «ወደኛ የሚመለስበት መንገድ እሱ ነው» ትለኝ ነበር።

በዚህ መካከል ዶክተር ሳሙኤል መልእክት ላከብኝ። የባሌን ድርሻ የሚችል አልተገኘም። ጓደኞቹ ሌላ ቦታ ያሉ ቤተሰቦችን ይዘው ሊቀጥሉ ነው። ለመሰናበት አንድ ቀን ሮቤ ይመጣል። ይህን ለእትዬ አየለች ነገርኳት። እሷም ለባሏ ጀርባ ነገረችው፤ ፊቱ ወደ ግድግዳ ነበርና።

ከቤቱ እስከ ክሊኒኩ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ዶክተር ሳሙኤል ዕቃውን ሲሰበስብ እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ፤ ዝናቡ ይወርዳል። የጋሽ አስራት በር ተከፈተና ጋቢ የለበሰ ሰው ወጣ። ሁለት እርምጃ ሄዶ አጥሩን ተደገፈ። ቆመ። እንደገና ሄደ። መንገዱ መካከል ላይ ሲደርስ ጭቃው ውስጥ እንደተተከለ ቀረ፤ የሚመለስ መሰለኝ። ሮጬ ልደግፈው ስወጣ፣ ከኋላው የምትከተለው እትዬ አየለች እጇን አንሥታ ከለከለችኝ። ያን መንገድ ብቻውን መጨረስ ነበረበት። ጨረሰው።

ወንበር ሰጠነው። ውሃው ከጋቢው ላይ ይንጠባጠባል። ለመናገር ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር፣ ጊዜዎን እሻማለሁ» አለ። «ወፍጮውን አይደለም። ወፍጮው የአየለችና የልጆቹ እንጀራ ነው። ዳማን ነው የምሰጠው። ሸጠው ይጠቀሙበት።»

እኔ ወደ እትዬ አየለች አየሁ፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች።

ዶክተር ሳሙኤል መነጽሩን አወለቀ። «ጋሽ አስራት፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይህ ጥናት ምክንያቱን ያገኛል ብለው ያምናሉ?»

«አላምንም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ዛሬ እንኳን በጥናትዎ፣ ነገ ይነጋል ቢሉኝም አላምንም። ግን ያ በበጋ ወፍጮውን የሰጠው ሰውዬ አምኖ ነበር። ሁላችሁም ሳቃችሁበት። እኔም ዝም ካልኩት ያ ሰውዬ ውሸታም ሆኖ መቅረቱ ነው። አዘንኩለት።» ትንፋሽ ወሰደ። «ደግሞ ዛሬ በጋው ነው የሚለኝ የለም። በዚህ ሰሞኔ ለማንም ምንም ሰጥቼ አላውቅም።»

ቀጠለ፤ ፊቱን ግን ወደ ሚስቱ አላዞረም። «አባቴም ነበረበት። አያቴም። አየለችን ሊጠይቁልኝ የሄዱ ሽማግሌዎች ‹በዘራችን የለም› ብለው ነው ያመጡልኝ። ሁሉም እንደዚያ ይላል፤ ልጁ ቆማ እንዳትቀርበት። እኔ ግን ብያለሁ፤ ይጻፍ። ሰናይት እንዳይኖርባት እመኛለሁ። ካለባት ደግሞ ከየት እንደመጣባት የሚነግራት ሰው ይኑር።»

«አውቅ ነበር» አለች እትዬ አየለች። እንዲህ ቀስ ብላ ነው ያለችው። «ከሠርጋችን በፊት አውቅ ነበር።»

ዶክተር ሳሙኤል አሁንም አመነታ። ክረምቱም እኮ በሽታ ነው፤ እሱ ይህን ከኛ ይበልጥ ያውቃል። ወደ እሷ ዞረ። «እርስዎስ ምን ይላሉ እትዬ?»

«በበጋው የሚሰጠውን ስመልስ የኖርኩት እኔ ነኝ» አለችው። «የዛሬውን ግን እኔም ሰጥቻለሁ።»

ዳማ ገበያ ወጣ። የገዙት ሐጂ አደም ናቸው፤ ሳይከራከሩ፣ በሚገባው ዋጋ። ገንዘቡ ዶክተሩ እጅ ገባ። በማግስቱ ጠዋት ለእትዬ አየለች መድኃኒት ላደርስ በጓሮ በኩል ስገባ፣ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ሐጂ አደም ዳማን በልጓሙ ይዘው ትንሿን በር ያንኳኳሉ።

«አየለች፣ ፈረሳችሁን አምጥቻለሁ» አሏት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ብዙ ዓመት የለመዱት ድምፅ ነው።

«ገንዘብዎ እኮ ለዶክተሩ ተሰጥቷል ሐጂ።»

«እሱን ተይው። እሱ ለአላህ ነው። እሱ ለበሽተኛ ነው። ይሄ ፈረስ ግን ከአስራት ከተለየ አስራት አይነሣም፣ ወላሂ አይነሣም። ያዢ።»

ልጓሙን ዘረጉላት። እትዬ አየለች እጇ ወደ ልጓሙ ሲሄድ አይቻለሁ። ብዙ ዓመት የለመደ እጅ ነው፤ በራሱ ነው የሚሄደው። ዳማም ቤቱን አውቆ አፍንጫውን ወደ ውስጥ ሰደደ። እኔ በሆዴ ተቀበይው፣ ተቀበይው እል ነበር። እሷ ግን እጇን መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠችው።

«ሐጂ፣ እስከ ዛሬ የመለሳችሁልኝን ሁሉ ተቀብያለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ይሄን ግን አልቀበልም። ይሄን ሰጥቷል።»

«ለሱ አዝኜ ነው እኮ!»

«ለሱ ካዘኑ ይዘውት ይሂዱ። በዚህ በር ሳይሆን በፊት ለፊት በር። ደፉ ላይ ተቀምጧል፤ እያየዎት ይሂዱ።» በሯን ዘጋች፤ ግንባሯ እንጨቱ ላይ ሲያርፍ ከውጭ ሰማሁት።

እኔና ሐጂ ተያየን። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ ከዚያ ፈረሱን እየሳቡ በአጥሩ ዞሩ። ተከተልኳቸው። ጋሽ አስራት ደፉ ላይ ተኮራምቶ ተቀምጧል። ዳማ ሲያየው አሽካካ። ሐጂ ቆም ብለው፣ ለሠፈሩ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «አባ ዳማ! ፈረስህን ተቀብያለሁ! ገላቶሚ!» አሉት። ምስጋናቸው ነው፤ እንደ ሌላ ጊዜው እያባበሉ ግን አይደለም። ሰው ለሰው እንደሚያመሰግን ነው ያሉት። ጋሽ አስራት ከጋቢው ውስጥ እጁን አውጥቶ ትንሽ ከፍ አደረገው። ፈረሱ ከዓይኑ እስኪጠፋ እጁን አላወረደም።

ከዚያ በኋላ የሆነው በራሱ ሆነ። በሚቀጥለው እድር ሐጂ አደም ተነሥተው፣ «አስራት በክረምቱ ከሰጠ፣ እኔን በጤናዬ ምን ይዞኛል?» አሉና ስንዴ ቃል ገቡ። የእድሩ ዳኛ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ብለው ደንቡን አሻሻሉት። የጎባ ነጋዴዎችም ሰምተው ተጨመሩ። የባሌ ድርሻ ሞላ። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። ጋሽ አስራት ክሊኒኩ ውስጥ ስለ ዘሩ የተናገረው በአገሩ ከተሰማ በኋላ፣ ሰዎች ፈራ ተባ እያሉ ወደ ክሊኒኩ መምጣት ጀመሩ። «በኛም ቤት አለ» ይላሉ። አንዷ እናት ከሲናና በእግሯ መጥታ፣ ልጇን ከኋላዋ ደብቃ፣ «አስራት ካላፈረ እኔም አላፍርም» አለችኝ። ደሙን የምቀዳው እኔ ነበርኩ። በካፖርት ባይሆንም እጄ አልተንቀጠቀጠም።

የፈራሁት በጋው ሲመለስ የሚሆነውን ነበር። ፈረሱን ፍለጋ ይወጣል፣ ይቆጨዋል፣ ከሐጂ ጋር ይጣላል ብዬ ነበር። አንድ ጠዋት የለመድኩት ድምፅ መንገዱን ሞላው። ሮጬ ወጣሁ። ሐጂ አደም በዳማ ላይ ሆነው ወደ ገበያ ሲያልፉ፣ ጋሽ አስራት በእግሩ መንገዱ መካከል ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቷል። «እዩ!» ይላል በአማርኛ፤ «ኢላላ!» ይላል በኦሮምኛ። «ያ ፈረስ የኔ ነበር! ሰጠሁት! አልተመለሰም! አልተመለሰም እኮ!» እየሳቀ ነው የሚያለቅሰው። ከዚያ ቀን በኋላ በየበጋው እስከ ጎባ በእግሩ ነበር የሚሄደው። ሰዉ እሱን «አባ ዳማ» ማለቱን አልተወም።

ምክንያቱ ተገኘ ወይ ብትሉኝ፣ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተገኘም ይላሉ የሚያውቁት። ዘመን ተለወጠ፤ ንጉሡም ወረዱ፤ እኛም ዶክተር ሳሙኤልም ወደየአቅጣጫችን ተበተንን። ከባሌ የተሰበሰበው ግን ከሌሎቹ ጋር እንደተቀላቀለ እሱ ራሱ ነግሮኛል። ማሳው ሰፊ ነው፤ እኛ ጥግ ላይ አንድ ትልም አርሰናል።

ሰናይትን በሽታው ያገኛት አስተማሪ ከሆነች በኋላ ነው። እናቷ እንደነገረችኝ፣ ጋሽ አስራት ያን ዕለት አልጮኸም፣ አልደበቃትም። በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ፣ እጇን ይዞ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ለሚጠይቀው ሁሉ፣ «የኔው ነው፤ ከኔ ነው የመጣባት» ይል ነበር። የሁለቱንም የሚያረጋጋ መድኃኒት ተገኘ። አባትና ልጅ ክኒናቸውን በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይውጡ ነበር። ኋላ ልጠይቀው ስሄድ፣ «ሰማዬ ትንሽ ዝቅ ብሏል ሲስተር» ብሎ አማረረልኝ። «ግን ጉድጓዱንም ደለል ሞላው፤ አልከፋም።»

ከሞተ ከወር በኋላ ሰናይት በአውቶቡስ አንድ ጥቅል ላከችልኝና ደወለች። «የጓሮውን ቤት ሳጸዳ አገኘሁት» አለችኝ። «እማዬ ‹ይሄ የሲስተር ነው፤ በስህተት ነው የተቀበልኳት› ትል ነበር። እኔ እሷን አልመስልም፤ የሰው ዕቃ አላስቀምጥም።»

ፈታሁት። ብል በልቶታል፤ አንድ ቁልፍ የለውም፤ ጨርቁ መካከል ዛሬም የዱቄት ብናኝ አለ። ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩትና ደጄ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። የናዝሬት ሙቀት ታውቁታላችሁ። ጎረቤቴ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አየችኝና ደነገጠች።

«ምነው ሲስተር፣ አመመሽ እንዴ? በዚህ ፀሐይ ካፖርት?»

«ስጦታ ነው» አልኳት።

«አውልቂው እንጂ ታዲያ!»

አደራ፣ ለማንም እንዳትሰጪው ብሎኝ ነበር። አላወለቅኩትም። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ቀኑን ሙሉ ስኩራራበት ዋልኩ።